«ማነው?» «እኔ ነኝ!» የሪሞት ዴስክቶፕ ቢጫዋ ሳጥን

(አዲስ አበባ ውስጥ ለአይቲ ሠራተኞች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ጓደኞቼ «ጻፈው» ስላሉኝ ጻፍኩት። ስናገር ያመለጡኝን ሁለት ሦስት ነገሮች ጨምሬበታለሁ። ቀልዶቹን ግን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ፤ ያልሳቃችሁባቸውንም ጭምር።)

እንደምን ዋላችሁ። ግማሻችሁ የዛሬውን ነገር ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ በበር ልጀምር።

የግቢ በር ሲንኳኳ ምን እንላለን? «ማነው?» እንላለን። ውጭ ያለው ሰው ምን ይላል? «እኔ ነኝ!» እንከፍታለን። እስቲ አስቡት፣ «እኔ ነኝ» የማይል ሌባ አለ? ሌባውም እኮ እሱ ነው፤ አልዋሸም። ይህ ነገር ሲሠራ የኖረው ድምፁን ስለምናውቀው ብቻ ነው። የጎረቤቱን ልጅ ድምፅ፣ የአጎታችንን ሳል እናውቃለን። ድምፅ በማይሰማበት በር ላይ «እኔ ነኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሩቅ ያለ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ገብተን ፊታችን እንዳለ የምንሠራበት የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ድምፅ የማይሰማበት በር ነው። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ብቻ ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ቅርንጫፎች ያሉት አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው፣ ላዩ ላይ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ተጭኗል፣ የቅርንጫፍ ሒሳብ ሠራተኞች በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ ይሠሩበታል። የምታውቁት ዓይነት አሠራር ነው። ሐዋሳ ቅርንጫፍ አንዲት ጎበዝ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ልበላቸው። እትዬ በየስድስት ወሩ ገደማ ይደውሉልኛል።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ቢጫ ነገር ደግሞ መጣች። ምን ልበላት?»

«አዎ ይበሏት፣ እትዬ።»

«ሁለተኛ አትጠይቂኝ የሚለውን ሳጥንስ?»

«እሱንም ራይት ያድርጉበት።»

በቃ። ስልኩ ይዘጋል፣ እኔም ወደ ሻዬ። ያቺ ቢጫ ነገር ምን ነበረች? «የምትገናኝበትን ኮምፒውተር ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም፣ እንዲያም ሆኖ መገናኘት ትፈልጋለህ?» የምትለዋ ማስጠንቀቂያ ናት። ሁላችሁም አይታችኋታል። እንዲህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይዤ አንብባችኋት የምታውቁ እጅ አውጡ ስል አራት እጅ ነው የማየው፣ ከአራቱ ደግሞ አንዱ የሚያዛጋ ነው። (ይህች አስቃለች።)

ለምን በየስድስት ወሩ? ዊንዶውስ ለሪሞት ዴስክቶፕ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ማንነት የሚያሳይ መታወቂያ፣ ካልሰጣችሁት ለራሱ ይሠራል። ራሱ ለራሱ የፈረመው ነው። ዕድሜው 6 ወር ነው፣ ሲያልቅ ሌላ ይሠራል። «ሁለተኛ አትጠይቂኝ» ስትሏት የእትዬ ኮምፒውተር ያንን ሰርተፊኬት ብቻ ነው የሚያስታውሰው። አዲሱ ሲመጣ እንደገና ትጠይቃለች። ሥራዋን በትክክል እየሠራች ነው ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ሰው መሐል ሲገባም የምትመጣው ያቺው ሳጥን መሆኗ ነው። ያው ቢጫ፣ ያው ቃል፣ ያው ቁልፍ። እትዬ በምን ይለዩ? እኔ ደግሞ በዓመት ሁለቴ «አዎ ይበሏት» እያልኩ ሳስተምራቸው ነው የኖርኩት።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁን በደብዳቤ አስፈቀድኩና ሞከርኩት። በደብዳቤ ያልኩትን አስምሩበት፤ ያለፈቃድ የሚደረግ ከሆነ ጉዳዩ ከሥራ አስኪያጅ ጋር ሳይሆን ከፖሊስ ጋር ነው። እትዬ ለዓመት መዝጊያ አዲስ አበባ መጥተው ዋናው ቢሮ ተቀምጠዋል። ላፕቶፔን ያው ኔትወርክ ላይ ሰካሁና በእሳቸው ኮምፒውተርና በሰርቨሩ መሐል ገባሁ።

መሐል መግባት እንዴት ይቻላል ለምትሉ፣ እዚህ ላይ ነው የበሩ ጨዋታ የሚመጣው። ቢሮ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሌላውን ሲፈልግ የአድራሻ ቁጥሩን (አይፒውን) ጠርቶ ለኔትወርኩ በሙሉ ይጮኻል፦ «192.168.1.10 ማነው?» በቃ ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚጮኸው። መጥቶ «እኔ ነኝ» ያለውን ያምናል። መታወቂያ አይጠይቅም። ኤአርፒ የሚባለው ይህ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ የኔ ላፕቶፕ «እኔ ነኝ» አለ። ታመነ። ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

ቢጫዋ ሳጥን እትዬ ስክሪን ላይ ብቅ አለች። የሻይ ብርጭቆዬን ከጠረጴዛ ላይ ሳላነሳ «አዎ» ተጭነዋል። አልደወሉልኝም እንኳ፤ ለምን ይደውላሉ፣ መልሱን ያውቁታላ! ፓስወርዳቸው የኔ ስክሪን ላይ ወጣ። የልጃቸው ስምና የትውልድ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጫኑት እያንዳንዱ ቁልፍ ይመጣልኝ ጀመር። አርዲፒ ላይ፣ ማለትም ሪሞት ዴስክቶፕ የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል ላይ፣ ከእናንተ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የኪቦርድና የማውስ ነገር ነው፣ ከዚያ የሚመለሰው የስክሪኑ ሥዕል ነው። መሐል የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ያያል ማለት ነው፤ እትዬ የሚጽፉትንም፣ እትዬ የሚያዩትንም። የደመወዝ ፋይሉ ሲከፈት ዘጋሁት። የሥራ አስኪያጁን ደመወዝ አላየሁም ብል ታምኑኛላችሁ?

ሰው ይህን ስነግረው «እንዴ፣ ኢንክሪፕትድ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ነው! ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ነበር። ከእትዬ እስከ እኔ የተመሰጠረ፣ ከእኔ እስከ ሰርቨሩ የተመሰጠረ። መሐል ላይ እኔ ነኝ። ምስጠራ ሌላ ሰው እንዳይሰማችሁ ነው የሚያደርገው፤ የምታናግሩት ማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ለሌባ በሹክሹክታ ሚስጥር መንገር ይቻላል።

ትንሽ ታሪክ ልጨምር፣ ይህ በሽታ አርዲፒ ላይ ገና ሲወለድ የነበረ ስለሆነ። ፕሮቶኮሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ጋር ነው። የዚያ ዘመን ምስጠራ አርሲ4 ነበር፣ ለጊዜው መጥፎ አይባልም። ሰርቨሩ ማን መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ግን በወጉ አልነበረውም። በኋላ ማስተካከያ ተጨመረ፦ ሰርቨሩ የሚልከው ቁልፍ ፊርማ ይኑረው፣ የእናንተ ኮምፒውተር ፊርማውን አይቶ ይመን ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የሚፈርመው ሚስጥራዊ ቁልፍ የት ተቀመጠ መሰላችሁ? እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ በሚገኝ የዊንዶውስ ፋይል ውስጥ። ያውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁልፍ! በ2005 ኬይን ኤንድ ኤብል የተባለውን መሣሪያ የጻፈው ማሲሚሊያኖ ሞንቶሮ ይህንኑ አወጣው፣ መሣሪያውም ወዲያው አርዲፒን መጥለፍ ቻለ። መርካቶ በርካሽ ገዝታችሁ የአንዱ ቁልፍ የጎረቤትን ቁልፍ የሚከፍት ጓጉንቸር አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንደዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ሰርቪስ ፓክ 1 ጋር ቲኤልኤስ መጣ፣ ማለትም ብራውዘራችሁ ባንክ ስትገቡ የሚጠቀምበት ዓይነት አሠራር። ከቪስታና ከሰርቨር 2008 ጋር ደግሞ ኤንኤልኤ መጣ። ኤንኤልኤ ዘበኛ ነው። ድሮ ሰርቨሩ መጀመሪያ ሳሎን አስገብቶ፣ የመግቢያውን ስክሪን አሳይቶ ነበር ማነህ የሚለው። አሁን ውጭ በር ላይ ይጠይቃል። ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው፤ ፓስወርዱ ከመሄዱ በፊት ሁለቱ ወገኖች የሰርቨሩን ቁልፍ ያመሳክራሉ፣ መሐል የገባ ሰው የራሱን ቁልፍ ካቀረበ አይገጥምም፣ ይቋረጣል።

«ታዲያ ኤንኤልኤ አብርቻለሁ፣ ጨርሻለሁ» የምትሉ አላችሁ። ቆዩ። ይህ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ልበለው። ሰርቨራችሁ ላይ ኤንኤልኤ ግዴታ ብታደርጉት ግዴታው ሰርቨሩን ነው የሚመለከተው። እትዬ ግን የሚያወሩት ከሰርቨሩ ጋር አይደለም፣ ከእኔ ጋር ነው። እኔ ደግሞ «ኤንኤልኤ? አላውቀውም፣ እኔ ድሮ ነኝ» እላቸዋለሁ። የእትዬ ኮምፒውተር እሺ ይልና ወደ ድሮው አሠራር ይወርዳል፣ ቢጫዋን ሳጥን ያሳያል፣ «አዎ» ይባላል፣ ፓስወርዱ እኔ ጋ ይደርሳል። ከዚያ እኔ ፓስወርዱን ይዤ በኤንኤልኤ ጨዋ ሆኜ ሰርቨሩ ጋ እገባለሁ። ሰርቨሩ ምንም ያየው ጉድ የለም። ስለዚህ የሰርቨሩን በር ብቻ ማጠናከር ግማሽ ሥራ ነው። ዋናው ማስተካከያ ያለው እትዬ ኮምፒውተር ላይ ነው።

የቱ? የሪሞት ዴስክቶፕን መስኮት ክፈቱ፣ «አድቫንስድ» የሚለውን ታብ ንኩት። የሰርቨሩ ማንነት ካልተረጋገጠ ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ምርጫ አለ፦ አስጠንቅቀኝ፣ ዝም ብለህ ተገናኝ፣ አትገናኝ። «አትገናኝ» በሉት። በግሩፕ ፖሊሲ ለሁሉም ኮምፒውተር ማውረድም ይቻላል። ያኔ እትዬ «አዎ» የሚሉት ቁልፍ አይኖርም። ሰውን ከማስተማር ቁልፉን መንቀል ይሻላል፤ ይህ የኔ እምነት ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ በዕረፍት ሰዓት ቡና እየጠጣን።

ግን ይህን ዛሬ ማታ ሄዳችሁ ብታደርጉት ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስልካችሁ ይጋጋላል። ማንም አይገባም። ራሱ የፈረመ ሰርተፊኬት አይታመንማ። ስለዚህ ቅድሚያ ሰርቨሩን ደህና ሰርተፊኬት ስጡት። ዶሜይን ያላችሁ (ኮምፒውተሮቻችሁ ከአንድ ማዕከል የሚተዳደሩ)፣ ማዕከሉ በሆነው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ የሰርተፊኬት አገልግሎቱን አቁማችሁ ለሪሞት ዴስክቶፕ የሚሆን ቴምፕሌት ሠርታችሁ በግሩፕ ፖሊሲ ታወርዱታላችሁ፣ ከዚያ ራሱ ያድሳል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሺ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ቀን ተኩል።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ደግሞ በጣም የኛ ነው። ሰው ሁሉ የሚገባው በአይፒ ቁጥር ነው። 192.168.1.10። ስቲከር ላይ ተጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ግን የሰርቨሩ ስም ነው፣ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ አይገጥምም፣ ሳጥኗ ትመጣለች። ሌላም ጣጣ አለ፤ በስም ስትገቡ ዶሜይን ላይ ከርቤሮስ የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ይሠራል፣ ከርቤሮስ ደግሞ ሰርቨሩንም ጭምር ያረጋግጣል። በአይፒ ስትገቡ ኤንቲኤልኤም ወደሚባለው የድሮ ማረጋገጫ ይወርዳል፣ ኤንቲኤልኤም የሰርቨሩን ማንነት አያረጋግጥም። ስቲከሩን ቅደዱት። ስሙን የያዘ ፋይል ሠርታችሁ ዴስክቶፓቸው ላይ አስቀምጡላቸው፣ ሁለቴ ክሊክ ያድርጉ።

ስለ እ.ኤ.አ. 2018 ካላወራሁ ይህ ስብሰባ አልሞላም። ያኔ ሥራ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በመጋቢት ክሬድኤስኤስፒ ላይ፣ ማለትም ኤንኤልኤ የቆመበት መሠረት ላይ፣ መሐል የገባ ሰው በእናንተ ስም ሰርቨሩ ላይ ኮድ እንዲያስኬድ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ማይክሮሶፍት አስተካከለው፣ በግንቦት 8 ደግሞ (እ.ኤ.አ. ነው) ማስተካከያውን አስገዳጅ አደረገው። አፕዴት የተደረገው ላፕቶፕ አፕዴት ካልተደረገው ሰርቨር ጋር አልገናኝም አለ። «ኢንክሪፕሽን ኦራክል ሪሚዲኤሽን» የሚል መልእክት ዓለምን ሞላ። እኛ ምን አደረግን? ጎግል አደረግን። የመጀመሪያው መልስ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ላይ አንዷን ቁጥር 2 አድርጋት ይላል። 2 አደረግናት። ሠራ! ተመስገን አልን። 2 ማለት ምን እንደሆነ ማን አነበበ? «ተጋላጭ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ «ተጋላጭ» ነው! ፍቱኑ ሰርቨሩን አፕዴት ማድረግ ነበር። ቢሮ ስትመለሱ ያችን ቁጥር ፈልጉ፤ ዛሬም 2 ሆና የተቀመጠችበት ኮምፒውተር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። እኔም ከዓመታት በኋላ በራሴ እጅ የጻፍኳትን አግኝቻለሁ።

ከቢሮ ውጭ ስለመግባት ቶሎ ቶሎ ልበል። ራውተሩ ላይ 3389ን፣ የሪሞት ዴስክቶፕን የበር ቁጥር (ፖርት)፣ ወደ ውስጥ መክፈት፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችን ያደረግነው፣ አሁን ዝጉት። መጥለፍ እንኳ ሳያስፈልግ ቀን ከሌት ፓስወርድ የሚሞክሩባችሁ አሉ። በ2019 ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ሲወጣ ደግሞ ፓስወርድም አያስፈልገውም ነበር፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከ5 ዓመት በፊት ላለቀው ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ያወጣው ዝም ብሎ አይደለም። ወይ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መተላለፊያ) አድርጉ፣ ወይ በፖርት 443 የሚሠራውን የሪሞት ዴስክቶፕ ጌትዌይ። ከቪፒኤኖቹ ዋየርጋርድ የሚባለው ቀላል ነው፣ ሁለቱም ጫፎች አንዳቸው የሌላውን ቁልፍ አስቀድመው ስለሚያውቁ «እኔ ነኝ» ብቻውን አያስገባም። ግን ቪፒኤኑ ራውተሩ ላይ ያበቃል። ከራውተሩ እስከ ሰርቨሩ ያለው ያው የቢሮው ኔትወርክ ነው፣ እኔ ከላፕቶፔ ጋር የተቀመጥኩበት። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን አትተዉት።

አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን። እስካሁን ሌባው በመንገድ ላይ ጠበቀን። በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ማይክሮሶፍት ያወጣው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ሚድናይት ብሊዛርድ የሚባለው፣ ከሩሲያ የውጭ ስለላ ድርጅት ጋር የሚያያዘው ቡድን፣ ከ100 በላይ በሆኑ ድርጅቶች ውስጥ ላሉ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የአርዲፒ ፋይል፣ ማለትም ሲከፈት ከተጻፈበት ሰርቨር ጋር የሚያገናኝ ፋይል፣ በኢሜይል ላከ። ፋይሉ የተፈረመ ነው። ከፍታችሁ «ተገናኝ» ስትሉ የእናንተ ኮምፒውተር ወደ እነሱ ሰርቨር ይሄዳል፣ ሲሄድ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን፣ ክሊፕቦርዱን፣ ፕሪንተሩን ይዞ ይሄዳል። ሌባው በር አላንኳኳም፣ እናንተን ቤቱ ጠራችሁ፣ እናንተም የቤታችሁን ቁልፍ ይዛችሁ ሄዳችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በተግባር አሳይቻችሁ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ያለ አንድ ሰርቨር ውስጥ ገባሁ፣ ፋይሎቹን ከፈትኩ፣ የኔ ሲ ድራይቭ ሰርቨሩ ውስጥ ተደርድሮ ታየ። የልጄ የልደት ፎቶ ሳይቀር። «ሎካል ሪሶርስስ» የሚለው ታብ ላይ ድራይቭ ላይ ያለውን ምልክት አጥፉት። ክሊፕቦርዱንም ካላስፈለጋችሁ አጥፉት፤ ኮፒ ያደረጋችሁት ፓስወርድ እዚያ ነው የሚተኛው። በኢሜይል የሚመጣ የአርዲፒ ፋይል ደግሞ ሜይል ሰርቨሩ ላይ ይታገድ። ለሥራ በኢሜይል የሚላክ የአርዲፒ ፋይል እኔ በበኩሌ አይቼ አላውቅም።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ልጻፍ።

አንድ ወንድሜ «ፖርቱን ከ3389 ወደ ሌላ ብቀይረውስ?» አለኝ። በሩን ሰማያዊ ቀለም እንደ መቀባት ነው። ሰላምታ ሲሰጡት አርዲፒ በአርዲፒ ቋንቋ ይመልሳል፤ የትኛውም ቁጥር ላይ ቢደበቅ በሰከንድ ይታወቃል። የሎጉ ጫጫታ ይቀንስላችኋል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

አንዲት እህቴ ደግሞ የብዙዎቻችሁን ጥያቄ ጠየቀች፦ «የኛ አምስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ነው። ዶሜይን የለንም፣ የሰርተፊኬት ሰርቨር ከየት አመጣለሁ?» አታመጪም። ዕድሜው ረዘም ያለ አንድ ሰርተፊኬት በሰርቨሩ ስም ሥሪ፣ ሰርቨሩ እሱን እንዲጠቀም አድርጊ። ከዚያ ያለ ሚስጥራዊ ቁልፉ፣ ሰርተፊኬቱን ብቻ፣ በፍላሽ ይዘሽ አምስቱም ኮምፒውተር ላይ ታማኝ ከሚባሉት ውስጥ አስገቢው። በፍላሽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ በዚያው በማታምኚው ኔትወርክ አትላኪው። ዛሬ ጊዜ ከሌለሽ ደግሞ ቢጫዋ ሳጥን ላይ ሰርተፊኬቱን የሚያሳይ ቁልፍ አለ፤ ከፍተሽ «ተምብፕሪንት» የሚለውን ረጅም ቁጥር ሰርቨሩ አጠገብ ካለው ሰው ጋር በስልክ አመሳክሪ። አሰልቺ ነው። ግን የምታውቂው ድምፅ ነው የሚያነብልሽ።

እትዬን ረሳኋቸው። ሙከራውን ከጨረስኩ በኋላ ነገርኳቸው፣ ተቆጡ፣ ፓስወርዳቸውን ቀየሩ። እኔም ያልኳችሁን ሁሉ አደረግኩ። ብዙ ወራት አለፈ፣ ሳጥኗ ጠፍታ ቀረች። ከዚያ አንድ ሰኞ ከሐዋሳ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አልገባም ብሎኛል። ሌባ ነው እንዴ?»

«ምን ይላል፣ እትዬ?»

«የቀን ልዩነት አለ ይላል።»

«እስቲ ከታች በስተቀኝ ያለውን ቀን ያንብቡልኝ።»

አነበቡ። ኮምፒውተሩ ከዓመታት በፊት ላይ ነው። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደግሞ ሞታለች። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዶ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ መስሎታል። ቀኑን በስልክ እየነገርኳቸው አስተካከሉት፣ ገቡ። ባትሪዋን በማግስቱ በአውቶቡስ ላክሁላቸው።